ከግንቡ ማዶ የነበረው በጋ

እ.ኤ.አ. በ1966 መጸው ጆን ሌነን በደቡብ ስፔን፣ አልሜሪያ በምትባል ደረቅና አቧራማ የባሕር ዳርቻ አገር፣ የወታደር ልብስ ለብሶ ተራው እስኪደርስ ይጠብቅ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሪቻርድ ሌስተር በሚያዘጋጀው የጦርነት ፊልም ውስጥ ግሪፕዊድ የተባለ ተራ ወታደር ሆኖ ይሠራል። ፀጉሩ ለፊልሙ ሲባል ተቆርጧል። በኋላ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ክብ መነጽር ማድረግ የጀመረውም በዚያን ሰሞን ነው። የፊልም ሥራ ከሚቀረጸው የሚጠበቀው ይበዛል፤ ካሜራ ይተከላል፣ መብራት ይስተካከላል፣ ፀሐይ ትጠበቃለች። ሌነን በዚህ ሁሉ ባዶ ሰዓት ጊታሩን ታቅፎ ይቀመጣል።

ያ ባዶ ሰዓት ለዓመታት አግኝቶት የማያውቅ ነገር ነበር። ኦገስት 29 ቀን የእርሱ ባንድ ቢትልስ በሳን ፍራንሲስኮ ካንድልስቲክ ፓርክ የመጨረሻውን የጉዞ ኮንሰርታቸውን አቅርበዋል። በዚያው በጋ ሌነን ስለ ክርስትና በሰጠው አስተያየት የተቆጡ አሜሪካውያን ሸክላዎቻቸውን በአደባባይ አቃጥለዋል። ጉዞው ሲያበቃ አራቱ ጓደኛሞች ለመጀመሪያ ጊዜ በየፊናቸው ተበተኑ። ሌነን 26ኛ ዓመት የልደት ቀኑ ላይ የደረሰው በሰው አገር ነው። ከባንዱ ውጭ እርሱ ማን እንደሆነ ራሱን የሚጠይቅበት ጊዜ ነበር። እጁ ላይ የመጣለት ዜማ ግን ስለ ዝና አልነበረም፤ ስለ ቃጠሎውም አልነበረም። ሊቨርፑል ውስጥ፣ ከአክስቱ ቤት ጥቂት ደቂቃ በእግር ስለሚያስኬድ አንድ ግቢ ነበር።

ግቢው ዉልተን በተባለው የከተማዋ ዳርቻ፣ በቢከንስፊልድ መንገድ ላይ ይገኛል። ስሙ ስትሮቤሪ ፊልድ፣ የእንጆሪ ማሳ ማለት ነው። ትልቅ የድንጋይ ቤት፣ ቀይ የብረት በር፣ ዙሪያውን ዛፍ የሞላበት ሰፊ የአትክልት ስፍራ ነበረው። ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት በ1936 ለወላጅ አልባና ለችግረኛ ሴት ልጆች ማሳደጊያ አድርጎ ከፈተው፤ በኋላ ትንንሽ ወንዶችም ተጨመሩበት።

ለእኛ ዝናብ ከደጅ የሚያስቀርበት ሐምሌና ነሐሴ ለእንግሊዝ ልጆች የዓመቱ ብርሃን ነው። ፀሐይ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ አትጠልቅም፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ አብያተ ክርስቲያናትና ማሳደጊያዎች በአትክልታቸው ውስጥ የበጋ ድግስ ያዘጋጃሉ። በስትሮቤሪ ፊልድም በየዓመቱ እንዲህ ያለ ድግስ ነበር። ኬክ ይሸጣል፣ ሎሚናት ይጠጣል፣ የሳልቬሽን አርሚ ባንድ ናሱን እያብለጨለጨ ይነፋል። አክስቱ ሚሚ ስሚዝ እንደምታስታውሰው፣ ባንዱ መጫወት ሲጀምር ድምፁ እቤት ድረስ ይሰማል፤ ያኔ ትንሹ ጆን እየዘለለ እንዳይረፍድባቸው ይጨቀጭቃታል። ከድግሱ ቀን ውጭ ደግሞ ከነፒት ሾተንና ከነናይጀል ዎሊ ጋር ግንቡን ተንጠልጥሎ ይገባ ነበር። ሌነን ራሱ በ1980 በሰጠው ቃለ ምልልስ እዚያ ጠርሙስ እየሸጡ ሳንቲም እንደሚያገኙና ሁልጊዜም ደስ ይላቸው እንደነበር ተናግሯል።

አንድ ልጅ ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ስንት መጫወቻ እያለ ስለምን በወላጅ አልባዎች ግቢ ይሳባል? መልሱን ሌነን በግልጽ አልሰጠም፤ የሕይወቱ ታሪክ ግን ብዙ ይናገራል። አባቱ አልፍሬድ መርከበኛ ነበር፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ከቤት ራቀ። እናቱ ጁሊያ ከሌላ ሰው ጋር በዚያው ከተማ ትኖራለች። ጆን አምስት ዓመት ሲሞላው ሜንለቭ ጎዳና ቁጥር 251 ወደሚገኘው የሚሚና የባሏ የጆርጅ ቤት ገባ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ መጻሕፍት አሉበት፣ ፍቅርም አለበት። ግን እናቱ በሕይወት እያለች፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት እያለች፣ እሷ ዘንድ አላደገም። ከግንቡ ማዶ ያሉት ልጆች ጉዳይ ከማንም በላይ ለእሱ ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚገባበት ግቢ ለሌሎቹ የሠፈር ልጆች የጨዋታ ቦታ ነው፤ ለእሱ ግን ሌላ የሕይወት ዕድል ነበር፣ በአክስቱ ደግነት ብቻ ያመለጠው።

የልጅነት በጋ በዘፈን ውስጥ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ደስታውን ብቻ ይዘረዝራል፤ ወንዙን፣ ፀሐዩን፣ ብስክሌቱን። ሌነንም ይህን ስሕተት አንድ ጊዜ ሠርቶት ነበር። በ1964 የመጀመሪያ መጽሐፉ ሲወጣ ኬነት ኦልሶፕ የተባለ ጋዜጠኛ በመጽሐፉ ያለው የቋንቋ ጨዋታና የግል ሕይወት ለምን በዘፈኖቹ እንደማይታይ ጠየቀው። ጥያቄው ከልቡ ገባ። ከአክስቱ ቤት ተነሥቶ መሀል ከተማ እስኪደርስ በአውቶቡስ መንገድ ላይ የሚያያቸውን ቦታዎች በሙሉ በግጥም ጻፈ። ፔኒ ሌን አለ፣ የሰዓት ማማው አለ፣ ትራም የሌለበት የትራም መጠለያ አለ። ጽፎ ሲጨርስ አሰልቺ ሆነበት። በራሱ አገላለጽ፣ ተማሪ ከዕረፍት ሲመለስ የሚጽፈውን ዓይነት ድርሰት መሰለው። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት መምህሩ «ክረምቱን እንዴት አሳለፋችሁ?» ብሎ ያስጻፈው ሰው ሁሉ ይህን ድርሰት ያውቀዋል፤ እውነት ነው፣ ተሟልቷል፣ ነገር ግን ማንም ሁለተኛ አያነበውም። ሌነን የቦታዎቹን ስም በሙሉ አውጥቶ ጣለ፤ የቀረው ስሜት «ኢን ማይ ላይፍ» ሆነ፤ በ1965 ዲሴምበር «ረበር ሶል» በተባለው አልበም ወጣ።

አልሜሪያ ላይ ሲጀምር ታዲያ ከዚህ ተምሮ ነበር። በአዲሱ ዘፈን አንድ ቦታ ብቻ አስቀረ፤ የቦታውንም ስም ከነጠላ ወደ ብዙ ለወጠው፤ ፊልድ የነበረው «ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር» ሆነ። ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጡት የናስ ባንድ የለም፣ ሎሚናት የለም፣ ሚሚ የለችም፣ በጋ የሚል ነገር የለም። ያለው አድማጩን ወደዚያ ቦታ የሚጋብዝ፣ ወዲያው ደግሞ የሚናገረው ነገር ከአፉ የሚጠፋበት፣ የጀመረውን ሐሳብ የሚያጥፍና የሚጠራጠር አንድ ሰው ነው። በልጅነቱ ሌሎች የማያዩትን አያለሁ፣ ወይ ዕብድ ነኝ ወይ ሊቅ ነኝ እያለ ይጨነቅ እንደነበር ሌነን በኋላ ተናግሯል። በመጀመሪያዎቹ የቤት ቅጂዎች ያንን ብቸኝነት ከሬዲዮ ሞገድ በተወሰደ ዘይቤ ነበር የገለጸው፤ ማንም በእኔ ሞገድ ላይ የለም ለማለት። ቆይቶ ሞገዱን በዛፍ ለወጠው። ይህች ለውጥ ለእኔ የዘፈኑ ዋና ጉልላት ናት። ሞገድ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው አነጋገር ነው፤ ዛፍ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ግን ሕፃን ነው። ግቢው በስም ብቻ ሳይሆን በአካል የገባው በዚያች ቃል በኩል ነው።

ኖቬምበር 24 ቀን ማታ ለንደን፣ አቢ ሮድ ላይ ባለው የኢኤምአይ ስቱዲዮ ሌነን ዘፈኑን ለጓደኞቹና ለፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ማርቲን በጊታር ብቻ አሰማ። ማርቲን ያን ጊዜ በጊታር ብቻ የሰማውን ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። የመጀመሪያ አልበማቸውን አብዛኞቹን ዘፈኖች፣ አሥሩን ማለት ነው፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1963 በአንድ ቀን ቀርጸው የጨረሱ ሰዎች ለዚህ አንድ ዘፈን አንድ ወር ያህል ፈጀባቸው። አሁን ኮንሰርት የለባቸውም። መድረክ ላይ ሊደገም የማይችል ድምፅ ቢሠሩ የሚጠይቃቸው የለም።

መግቢያው ላይ የሚሰማው ዋሽንት መሰል ድምፅ የዋሽንት ነው፣ ደግሞም አይደለም። የባንዱ አባል ፖል ማካርትኒ የተጫወተው ሜሎትሮን በሚባል መሣሪያ ነው። ከላይ ሲታይ እንደ ማንኛውም ኪቦርድ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ግን አንድ ቁራጭ የቴፕ ክር ተዘርግቷል፤ በክሩ ላይ አንድ ሙዚቀኛ ቀደም ብሎ የነፋው አንድ ድምፅ ተቀድቷል። ቁልፉ ሲጫን ክሩ ይሮጣል፣ ድምፁ ይወጣል፤ ስምንት ሰከንድ ገደማ ሲሆን ክሩ ያልቃል፣ ድምፁም ይቆማል። ጣት ሲነሣ ክሩ ወደ መነሻው ይመለሳል። ክሮቹ ሁሉ እኩል ስለማይሮጡ ድምፁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ይወላገዳል። ጥራት ለሚፈልግ ሰው ጉድለት ነው። ለዚህ ዘፈን ግን ከእውነተኛ ዋሽንት የበለጠ እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱም የምንሰማው እስትንፋስ ሳይሆን ከዓመታት በፊት ተነፍሶ ያለቀ፣ ጣት ሲነካው ለጥቂት ሰከንድ የሚመለስ እስትንፋስ ነው። ትዝታ ራሱ የሚሠራው እንዲህ አይደል?

በመጀመሪያ እንደ ተሳካ የተቆጠረው ቅጂ፣ ሰባተኛው ሙከራ፣ ለስላሳና ዝግ ያለ ነበር። ሌነን ሰማው፣ ወደደው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን እንዳሰበው እንዳልሆነ ተናገረ። እንደ አዲስ ተጀመረ። ዲሴምበር ላይ የተሠራው ፈጣንና ከባድ ነው፤ ድራሙ ያጓራል፣ ጆርጅ ሃሪሰን ስዋርማንዳል የተባለውን የህንድ ባለ ብዙ ክር መሣሪያ ይገርፋል፣ ማርቲን አራት ትራምፔትና ሦስት ቼሎ አቀናብሮ ጨመረበት። ጸናጽሉ ወደ ኋላ ተጫውቷል፤ ማለትም ተመትቶ ከተቀዳ በኋላ ቴፑ ተገልብጧል። ጸናጽል ሲመታ ድምፁ በአንዴ ይፈነዳና ቀስ ብሎ ይሞታል። ሲገለበጥ ከምንም ይነሣል፣ ያብጣል፣ ከዚያ በድንገት ይቋረጣል።

ሌነን ሁለቱንም ሰማ። የመጀመሪያውን አጀማመር፣ የሁለተኛውን አጨራረስ ወደደ። ይገጣጠሙ አለ። ማርቲን የሁለቱ ፍጥነት እንደሚለያይ፣ ቅኝታቸውም እንደማይገጥም አስረዳው። ሌነን መላ እንደማታጣለት አውቃለሁ ብሎት ሄደ።

ነገሩን ለመረዳት የቴፕን ጠባይ ማወቅ ያሻል። ክሩ ከተቀዳበት ፍጥነት ዝግ ብሎ ሲሮጥ ዘፈኑ ይንቀራፈፋል፣ ድምፁም ይወፍራል፤ ሲፈጥን ዘፈኑ ይቸኩላል፣ ድምፁ ይቀጥናል። ፍጥነቱን ለብቻ፣ ቅጥነቱን ለብቻ መለወጥ ያኔ አይቻልም ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ፈጣኑ ቅጂ ከፍ ባለው ቅኝት ላይ፣ ዝግ ያለው ደግሞ ዝቅ ባለው ላይ ነበር። ስለዚህ ፈጣኑን ማንቀራፈፍ ሁለቱንም ልዩነት ባንድ ጊዜ ያጠባል። ዲሴምበር 22 ቀን ማርቲንና ገና 21 ዓመት የሞላው የድምፅ ባለሙያ ጄፍ ኤመሪክ የቴፑን ፍጥነት በሚለዋውጥ መሣሪያና በመቀስ ሁለቱን ዘፈኖች አገናኟቸው። መጋጠሚያው ዘፈኑ ከተጀመረ አንድ ደቂቃ ገደማ ላይ ነው። ያላወቀ ሰው አይሰማውም። ያወቀ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ሳይሰማው አያልፍም፤ ክፍሉ ይጨልማል፣ የሌነን ድምፅ በአንዴ ይከብዳል፣ ከእንቅልፍ ውስጥ የሚናገር ይመስላል፤ ቼሎዎቹ ከሥር ይጎትቱታል።

ይህ ሁሉ ብልሃት ለብልሃትነቱ አልነበረም፤ ስለዚህ ነው ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላም የማይሰለቸው። ግጥሙ ያልዘረዘረውን በጋ ድምፁ ሠርቶታል። የናስ ባንዱ በቃል አልተጠቀሰም፤ ትራምፔቶቹ ግን አሉ፣ ተጣመውና ርቀው፣ ግንብ አቋርጦ እንደመጣ የበዓል ሙዚቃ። ድግሱ አልተነገረም፤ ወደ ኋላ የሚሄደው ጸናጽል ግን ጊዜን ይገለብጣል። ሁለቱ ቅጂዎች ራሳቸው፣ ለስላሳውና አስፈሪው፣ ደስ የሚለው የሠፈር ግቢና የወላጅ አልባዎቹ ቤት ናቸው። ሌነን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ያልቻለው በሙዚቃ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም።

ማካርትኒ በዚያው ሰሞን በራሱ የልጅነት ሠፈር መልስ ሰጠ። ዲሴምበር 29 ቀን የጀመረው «ፔኒ ሌን» ፀጉር አስተካካዩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ጥርት ብለው የሚታዩበት ብሩህ ዘፈን ነው። የባኽን የብራንደንበርግ ኮንቼርቶ በቴሌቪዥን ሲሰማ የማረከችውን ትንሿን ትራምፔት ዴቪድ ሜሰን እንዲነፋለት አደረገ። ሌነን የጣለውን የአውቶቡስ መንገድ ማካርትኒ አንሥቶ ነፍስ ዘራበት ማለት ይቻላል። ሁለቱ ሰዎች የተገናኙትም በበጋ ነው፤ ጁላይ 6 ቀን 1957፣ በዚያው በዉልተን፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የአትክልት ድግስ ላይ። የፖል እናት ሜሪ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ሞታለች። የጆን እናት ጁሊያ፣ የባንጆ አያያዝ ያስተማረችው፣ ሁለቱ በተገናኙ በቀጣዩ ዓመት ጁላይ 15 ቀን ከሚሚ ቤት ወጥታ መንገድ ስታቋርጥ በመኪና ተገጭታ ሞተች። ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች የሊቨርፑል በጋ እናት የነበረችበት ዘመን ነው።

ሁለቱ ዘፈኖች በፌብሩዋሪ 1967 በአንድ ሸክላ ግራና ቀኝ ታትመው ወጡ። ለማስተዋወቂያ የተሠራው ፊልም የተቀረጸው በኬንት ኖል ፓርክ ነው፤ እዚያም ትልቅ ዛፍ አለ፣ ከቅርንጫፉ እስከ ፒያኖ ድረስ ክር ተወጥሯል። በብሪታንያ ሸክላው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ቆመ፤ አንደኛነቱን የያዘው የኤንግልበርት ሃምፐርዲንክ «ሪሊዝ ሚ» ነበር። በአሜሪካ «ፔኒ ሌን» አንደኛ ወጣ፣ «ስትሮቤሪ ፊልድስ» ስምንተኛ። ማርቲንን ሲቆጨው የኖረው ግን ደረጃው አልነበረም። ሁለቱም ዘፈኖች የታሰቡት ከጥቂት ወራት በኋላ ለወጣው «ሳርጀንት ፔፐር» አልበም ነበር፤ ኩባንያው ሸክላ ይውጣ ብሎ ሲቸኩል ሰጠ፤ በነጠላ የወጣ ዘፈን በአልበም አይደገምም የሚለው ልማዱ ደግሞ ከአልበሙ አስቀራቸው። በሙያ ዘመኔ ከሠራኋቸው ሁሉ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው ይል ነበር።

ሌነን በበኩሉ በቅጂው ረክቶ አያውቅም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ከማርቲን ጋር ኒው ዮርክ ውስጥ ሲያወጉ፣ ቢትልስ የሠሩትን ሁሉ እንደገና ብሠራው ደስ ይለኛል አለው። ማርቲን ደንግጦ «ስትሮቤሪ ፊልድስ»ንም ጭምር ነው ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ ከሁሉም ይልቅ እሱን አለው። እኔ ይህን እንደ ስንፍና ወይም እንደ ሐሜት አላየውም። በጭንቅላቱ ውስጥ የሚሰማው ግቢ ከማንኛውም ቴፕ የጠራ ነበር፤ የእኛ ጆሮ ያንን ሰምቶ ስለማያውቅ ነው የሚያወዳድረው ያጣው።

ሌነን ከሞተ በኋላ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው የአትክልት ስፍራ በዘፈኑ ስም ተሰየመ፤ የተመረቀው በ45ኛ ዓመት ልደቱ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1985 ነው። ሊቨርፑል ያለው እውነተኛው ስትሮቤሪ ፊልድ ግን በዝምታ ብዙ ተለዋወጠ። ትልቁ የድንጋይ ቤት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ በአነስተኛ ሕንፃ ተተካ፤ ማሳደጊያው በ2005 ተዘጋ። ከየአገሩ የሚመጡ አድናቂዎች በቀዩ በር ፊት ፎቶ እየተነሡ፣ በምሰሶዎቹ ላይ ስማቸውን እየጻፉ ይመለሱ ነበር፤ ወደ ውስጥ ግን አይገቡም ነበር። በ2011 አሮጌዎቹ በሮች እንዳይጠፉ ተነሥተው ቅጂዎቻቸው ቆሙ። ሳልቬሽን አርሚ ግቢውን አድሶ በሴፕቴምበር 2019 ለሕዝብ ከፈተው፤ ኤግዚቢሽን፣ የአትክልት ስፍራና ካፌም አዘጋጀበት። ትንሹ ጆን በዓመት አንዴ በበሩ፣ በቀረው ጊዜ በግንቡ ላይ ይገባበት የነበረው ቦታ ኤግዚቢሽኑ በቲኬት የሚታይበት ሆነ፤ ገቢው ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ለመማር የሚቸገሩ ወጣቶች ሥራ እንዲይዙ ለሚሰጥ ሥልጠና እንዲውል ተደረገ።